የሃይጂያ ጉድጓድ የት ሄደ?

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ አስትሮይዶች፣ ፀሐይን ስለሚዞሩት ድንጋያማ አካላት፣ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ከሁሉም አንዷ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርታለች። ስሟ ሃይጂያ ነው። አዎ፣ ተማሪ ቤት "የግል ሃይጂን" እያሉ ያስተማሩን ቃል ዘመዷ ነው፤ ሁለቱም የመጡት ጤና ትጠብቃለች ከሚሏት የግሪክ አምላክ ነው።

ያገኛት አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1849፣ ናፖሊ ላይ። ያኔ አገሩን የሚገዙት ቡርቦን የሚባሉ ነገሥታት ስለነበሩ ስሟ ላይ "ቦርቦኒካ" የሚል ተቀጥላ ተጨመረላት። ቤተ መንግሥቱን ደስ ይበለው ተብሎ መሆኑ ነው። ተቀጥላው ብዙም አልከረመ።

የምትኖረው በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ፣ ወደ ጁፒተር በሚያደላው ጠርዝ በኩል ነው። ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። በትልቅነት ከሴሬስ፣ ከቬስታና ከፓላስ ቀጥላ አራተኛ ናት፤ በመገኘት ግን አስረኛ። ጁኖ እንኳ በጣም እያነሰች ቀድማታለች። ለምን ቢባል ሃይጂያ እንደ ከሰል ጥቁር ናት፤ ከሚያርፍባት ብርሃን ከመቶ ሰባት ያህሉን ብቻ ነው የምትመልሰው፣ በዚያ ላይ ሩቅ።

ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። ሃይጂያ ቤተሰብ አላት፦ ወደ 7,000 የሚጠጉ፣ ከአንድ ግጭት የተፈናጠሩ ድንጋዮች። ቬስታም እንዲሁ ቤተሰብ አላት፣ የሷ ምንጭ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ደቡብ ዋልታዋ ላይ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ አለ፣ ራሷ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና! ስለዚህ ሃይጂያም ላይ እንደዚያ ያለ ጠባሳ ይጠበቅ ነበር። በፒየር ቬርናዛ የሚመራ ቡድን ቺሊ ባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ገጿን 95 በመቶ ያህል ቃኘና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣ። ትልቅ ጉድጓድ የለም። በእርግጠኝነት የለዩት ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ያን ሁሉ ፍርስራሽ ሊያወጡ የማይችሉ። ጭራሽ ድቡልቡል ሆና ተገኘች።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? በኮምፒውተር አስመስለው ሲሞክሩት የመጣው መልስ ይሄ ነው፦ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከ75 እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አለት ፊት ለፊት ገጫት፣ እናትየው ድንጋይ መቦደስ ብቻ ሳይሆን እንዳለ ብትንትኗ ወጣ፣ ከዚያ አብዛኛው ስብርባሪ በገዛ ስበቱ ተመልሶ ተሰበሰበ፣ ሲሰበሰብም እንደ ፈሳሽ እየሆነ ስለነበር ክብ ሆኖ ረጋ። የፈሰሰ አይታፈስም እንላለን፣ ይቺ ግን ታፈሰች። ጉድጓዱ የጠፋው የተመታው አካል ራሱ ስላልተረፈ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ጥናት ቀኗም አጠረ። አንዴ በራሷ ላይ ለመዞር 27 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል ሲባል ኖሮ 13.8 ሰዓት ሆኖ አረፈው፣ በግማሽ።

አሁን እንደ ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ትባል የሚል ነገር ተነስቷል። መስፈርቶቹን ካየን ፀሐይን ትዞራለች፣ የማንም ጨረቃ አይደለችም፣ እንደ ትልልቆቹ ፕላኔቶች የምትዞርበትን መንገድ ከሌሎች ድንጋዮች አላጸዳችም፤ የጎደላት ክብነት ብቻ ነበር። ከተሾመች 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና የድንኮቹ ሁሉ ትንሿ ትሆናለች። ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ክብ ያደረጋት ስበቷ ነው ወይስ ያ ግጭት? ባትሰባበር ኖሮ በዚህ መጠኗ ትከብ ነበር? የሥነ ፈለክ ሰዎቹም ማዕረጉን በይፋ አልሰጧትም።

መንኮራኩር ሄዶላት አያውቅም። ያለን ከምድር የተነሳ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ፎቶ ነው። ስልኬ ላይ ለእህቴ ሳሳያት "ድንች ነው እንዴ?" አለችኝ።

ድንችማ ሌሎቹ ናቸው አልኳት።