ዘጠነኛ ቀኔ በስኪ ላይ፣ ስለ ጫማም ብዙ የምለው አለኝ

ባለፈው ቅዳሜ ላቭላንድ ቫሊ በሚባለው የኮሎራዶ የስኪ ቦታ፣ ሰው በወንበር ተቀምጦ ተራራ ከሚወጣበት ከሊፍቱ ጫፍ ተነስቼ እስከ ታች ድረስ ሳልወድቅ፣ ሳልቆምም ወረድኩ። መንገዱ አረንጓዴ ክብ ምልክት ያለው የጀማሪ ቁልቁለት ነው፤ የስድስት ዓመት ሕፃናት ያለ ዘንግ ሽው እያሉ ያልፉበታል። እኔን ግን ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። የ5ኛ ክፍል ልጄ ከፊቴ እየቀደመች በየመታጠፊያው ቆም ትልና «እማዬ፣ መጣሽ?» ትለኛለች። «መጣሁ!» እላለሁ። ታች ስንገናኝ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ አቀፍኳትና እንባዬ መጣ። አምና ይህችኑ ልጅ ለአስተማሪ አስረክቤ እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ በመስኮት እያየኋት ነበር የምውለው። እዚህ አውሮራና ዴንቨር አካባቢ ልጆቻችሁ «ጓደኞቼ ሁሉ ስኪ ይሄዳሉ» እያሉ የሚጨቀጭቋችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ እየረገጥኩ ትምህርት ቤት የሄድኩ ሰው ስለሆንኩ ብርዱ አላስጨነቀኝም። በረዶው ግን አዲስ ነገር ነው። እኛ በረዶ ስንል በቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳውን ጠጠር ነው የምናውቀው፤ ጠዋት መሬት ላይ የሚጋገረውን ደግሞ አመዳይ እንለዋለን። የኮሎራዶ ተራራ በረዶ ሁለቱንም አይመስልም። ደረቅ ነው፣ እንደ ተነፋ ዱቄት ይቦናል፣ ሲረግጡት ጭርር ይላል። ልጄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ የተወዳደረውን ሮቤል ተክለማርያምን ካወቀች ወዲህ «ለኛ አይሆንም» የሚል ሰበብ ቤታችን ውስጥ አይሠራም። የእሱ ውድድር አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ እኔ የምማረው ቁልቁል የሚወረደውን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቶሎ ልለፋቸው። አለባበስ፣ ስኪውን፣ ማለት በጫማ ላይ የሚታሰረውን ረጅም ሳንቃ፣ እግር ላይ አድርጎ መራመድ፣ ወድቆ መነሳት፣ ማጂክ ካርፔት በሚሉት ቆመውበት ወደ ላይ በሚወስድ ምንጣፍ መውጣት። ከዚያ «ፒዛ»፤ የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ኋላቸውን በመክፈት ፍጥነት መቀነስ ማለት ነው። ሁለቱን እኩል ትይዩ አድርጎ መሄዱን ደግሞ «ፍሬንች ፍራይስ» ይሉታል። ይህ ሁሉ ከሞላ ጎደል ገባኝ። በአራተኛው ቀን ሊፍት ላይ ወጣሁ፤ ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስኪው አይዞርልኝም። ወደ ቀኝ እንደምንም እታጠፋለሁ፤ ወደ ግራ ግን ጭራሽ እምቢ። ፒዛዬን የቻልኩትን ያህል ብከፍት ፍጥነቱ አይቀንስም። ጭኔ ይቃጠላል፣ የእግር ጣቶቼ ጫማው ውስጥ እንደ ጥፍር ይኮማተራሉ፣ ውስጥ እግሬን ቁርጠት ይይዘኛል። ቁልቁለቱን ባየሁ ቁጥር ሰውነቴ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያየኝ ሁሉ «ወደ ፊት! ወደ ፊት!» ይለኛል። እኔም ከወገቤ አጎነብሳለሁ፤ ሳጎነብስ መቀመጫዬ የባሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ባለቤቴ «ፍርሃት ነው፣ ይለቅሻል» አለኝ። አመንኩት። ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሳሎን መሃል በካልሲ ቆሜ እየተለማመድኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። በስድስተኛው ቀን ከቁልቁለቱ ዳር ያለው ብርቱካናማ መረብ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ማታ «በቃኝ፣ ዕድሜዬ አልፏል» ብዬ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ለብቻዬ አስተማሪ ያዝኩ። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሁለት ጊዜ ብቻ ስወርድ አየችኝና ከኪሷ የተራራውን ካርታ አውጥታ አጠፈችው፤ በቅልጥሜና በጫማዬ ምላስ መካከል ሰካችልኝ። «ይህ ወረቀት እንዳይወድቅ አድርገሽ ውረጂ። ስለ ሌላው ነገር አታስቢ» አለችኝ። ገና ሦስት ሜትር ሳልሄድ ወደቀ። አንስታ መለሰችው፤ እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱን ትታ በረዶው ላይ ተንበረከከችና ዘለበቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። እኔ የሐበሻ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሰው እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫማዬን ስትፈታ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እግሬን ልሰበስብ ስል በእጇ ያዝ አድርጋ አስቀረችው። ጫማው ውስጥ ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲ አገኘች። የውስጥ ሱሪዬም ጫፉ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ተጠቅልሎ ገብቷል። ጣቷን ከተረከዜ ኋላ አስገብታ አየችና ቀና ብላ አየችኝ። «ፍርሃት አይደለም። እግርሽ ጫማው ውስጥ እየዋኘ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኪ የሚዞረው ከፊቱ ተይዞ ነው። ቅልጥምሽ የጫማውን ምላስ ሲጫን ክብደቱ ወደ ስኪው ፊት ይሄዳል፣ የብረቱ ጠርዝም በረዶውን ይይዛል። ወደ ግራ ለመዞር የቀኝ እግርሽ ነው መጫን ያለበት፣ ወደ ቀኝ ለመዞር የግራው። ጫማው ሰፊ ከሆነ ግን ቅልጥምሽ ምላሱ ላይ ከመድረሱ በፊት ተረከዝሽ ይነሳል፤ እግርሽ ያዘዘውን ስኪው አይሰማም። ሰውነትም ይህን ስለሚያውቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጣት ይጨብጣል፣ ጭን ይቃጠላል። ያ ሁሉ ድካም ከአንድ ቦታ የመጣ ነበር። የኔ ቀኝ እግር ከግራው ትንሽ ስለሚያንስ ነው ወደ ግራ መዞሩ የባሰብኝ።

ስህተቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የኪራይ ሱቅ የስኒከሬን ቁጥር ነገርኳቸው። ያመጡልኝን ቆሜ ስሞክረው አውራ ጣቴ ፊቱን ነካ፤ «ጠበበኝ» አልኩ። ትልቁን ሰጡኝ፤ ማንም እግሬን አልለካም። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። እግሬ ሲለካ 24.3 ወጣ፤ ስድስት ቀን ሙሉ የተሠቃየሁበት ጫማ 26.5 ነበር። አሁን የያዝኩት 24.5 ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ የጫማውን ፊት ቢነካ ትክክል ነው፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ቅልጥማችሁን ወደ ፊት ስትገፉ ተረከዙ ወደ ኋላ ገብቶ ጣቱ ይላቀቃል። እኔ ያንን አላውቅም ነበርና ቆሜ ብቻ ፈረድኩ። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ የውስጡን ለስላሳ ጫማ አውጥታችሁ በባዶው ፕላስቲክ ውስጥ እግራችሁን አስገቡ፤ ጣታችሁ ፊቱን ሲነካ ከተረከዛችሁ ኋላ የሁለት ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ትልቅ ነው።

ካልሲ አንድ። አንድ ብቻ፣ ስስ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ። ጥጥ አይሆንም፤ ላቡን ይዞ ይቀዘቅዛል። «ሁለት ካልሲ ይሞቃል» የሚለው ምክር ከዘመድ ከጓደኛ የሚመጣ ነው፣ እኔም ለሰው መክሬ ነበር፤ ይቅር በሉኝ። ሁለተኛው ካልሲ ደሙን ስለሚያፍነው እግር የባሰ ይበርደዋል፣ ስለሚንሸራተትም ያቆስላል። የውስጥ ሱሪውን ከጫማው አፍ በላይ ሰብስቡት፣ ጫማው ውስጥ ከካልሲው በቀር ምንም አይግባ። እግራችሁን ካስገባችሁ በኋላ ተረከዛችሁን መሬቱ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስቀምጡት፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያሉትን ዘለበቶች አስቀድማችሁ ቆልፉ፤ ጣት ላይ ያሉትን ላላ አድርጓቸው። አንድ ሁለቴ ከወረዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

ጫማውን ቀይሬ፣ ወረቀቱን ቅልጥሜ ላይ ሰክቼ ስወርድ ያን ቀን ወደ ግራ ዞርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የሚገዛው ጫማ ነው፤ ስኪው ለብዙ ጊዜ ኪራይ ይሁን። ጫማም እግር ከሚለካ ሰው ሱቅ ይገዛ እንጂ ከኢንተርኔት አይታዘዝ። ሰው የጣለውን አሮጌ ጫማ በርካሽ አትግዙ፤ የውስጡ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል፣ ፕላስቲኩም በዕድሜ ይሰባበራል። ለልጅ ግን አትግዙ፣ ሙሉውን ዊንተር የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ በመከር ሄዳችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። በኪራይ ቅጹ ላይ ክብደቴን 20 ፓውንድ ቀንሼ ጽፌ ነበር። የሚያከራየው የሱቁ ልጅ ከፊቴ ቆሞ ስለነበር አፈርኩ። ስኪውን ከጫማው የሚይዘው ባይንዲንግ የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ነው። ሲወድቁ እግር እንዳይሰበር እንዲለቅ፣ ካልወደቁ ደግሞ እንዳይለቅ ተብሎ። ክብደቴን ስለዋሸሁ በደህና ቀን መሃል ቁልቁለት ላይ የግራው ስኪ ወልቆ ሄደ። የወደቅኩት በለስላሳ በረዶ ላይ በመሆኑ ተረፍኩ። እውነተኛውን ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም የአምናውን ክብደት አትጻፉ።

አሁን ስለ ጉዞው። ላቭላንድን የመረጥኩት ከዴንቨር በአይ 70 አውራ ጎዳና ሲወጣ ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ስለሚገኝና ቫሊ የሚሉት የጀማሪ ቦታ ከሌላው ተለይቶ ስላለ ነው፤ ፈጣን ሰው ከኋላ አይመጣባችሁም። ከመስከረም እስከ ግንቦት በዚያ መንገድ ተራራማ ክፍል ላይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ግዴታ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ። ቅዳሜ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ውጡ፤ ከ8 ሰዓት በኋላ መመለሻው ይዘጋጋል፣ እኔ 7 ሰዓት ላይ ጫማዬን አወልቃለሁ። የሥራ ፈረቃ ያላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የተማርኩት፤ ሊፍቱ ባዶ ነው። በፈረንጅ ገና እና በአዲስ ዓመታቸው መካከል፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ እና በፕሬዚዳንቶች ቀን ቅዳሜና እሁድ አትሞክሩት። ተማሪ ልጅ ያላችሁ ኮሎራዶ ስኪ ካንትሪ የሚባለው የስኪ ቦታዎች ማኅበር ለልጆች የሚሰጠውን የሊፍት ትኬት፣ የልጆች ፓስፖርት የሚሉትን፣ ጠይቁ፣ ለኛ ብዙ አቅልሎልናል።

ከዳላስ ወይም ከዲሲ ዘመድ ከመጣ የመጀመሪያውን ሌሊት ዴንቨር ይደር። የላቭላንድ የታችኛው መነሻ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,300 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በ900 ሜትር ያህል ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ «እኔ የሐገሬ ሰው ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» ብላ ከዳላስ በመጣች በማግሥቱ ወጣች፤ ራሷን ይዟት ሲያስመልሳት ዋለ። ቆላ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ልምዱን ይረሳል። ውኃ ጠጡ፣ ፊታችሁን የጸሐይ ቅባት ተቀቡ፤ በረዶው ጨረሩን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የኛም ቆዳ ይቃጠላል።

በጾም ወራት ምሳችንን ይዘን ነው የምንሄደው። ሽሮ በቴርሞስ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሊፍት ላይ የምንቆረጥመው ቆሎ ኪሴ ውስጥ አይጠፋም። ጋቢውን መኪና ውስጥ እተወዋለሁ፤ ቀኑ ሲያልቅ ጫማ አውልቆ ጋቢ መልበስን የሚያህል ነገር የለም።

ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን አታስተምር። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ግን ስድስት ቀን ሙሉ «አትፍሪ» እያለኝ ጫማዬን አላየም። ለአስተማሪ የምትከፍሉት አብዛኛው ለዓይኑ ነው።

ሁለት እግር በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ታስሮ በጎን የሚወረድበት ስኖውቦርድስ የሚል ይኖራል። የወንድሜ ልጅ የሚማረው እሱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መቀመጫና የእጅ አንጓ ያሳምማሉ፣ ጫማው ግን ለስላሳ ነው። እኔ ፊቴን ወደምሄድበት አድርጌ ሁለቱን እግሬን ለየብቻ ማዘዝ ስለምፈልግ ስኪን አልለቅም።

የአስተማሪዋ ካርታ አሁንም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አለ፤ መታጠፊያው ላይ መቀደድ ጀምሯል። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጊዜ ወርጄ ቅልጥሜ ላይ ሰክቼ ሞከርኩት፤ ወደ ቀኝ ስዞር ቆየ፣ ወደ ግራ ስዞር ከአራተኛው መታጠፊያ በኋላ ወደቀ። ማክሰኞ ከዚያ እቀጥላለሁ።