በጉበት ሰበብ ደምቢያ ወረድኩ

ነገሩ የጀመረው በገና ነው። ከሰፈር ልጆች ጋ ስምንት ሆነን ቅርጫ ገባንና በሬ ልንገዛ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወጣን፣ ቀይ በሬ አገኘን፣ ትንሽ ከሳ ያለ ነው ግን ዋጋው ቀነስ ስላለልን ደስ ብሎን ይዘን ገባን። ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ሁላችንም ሚጥሚጣችንን ይዘን ጉበት ነው የምንጠብቀው፣ ያው ታውቁታላችሁ። አራጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና በቢላ ሰንጠቅ ሲያደርገው ከውስጡ ጠፍጣፋ፣ ቅጠል የመሰለ ትል ወጣ። አንድ ሁለት ብቻ አይደለም። «ለውሻም አትስጡት» ብሎ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ በቃ ሚጥሚጣው እጃችን ላይ ቀረ።

ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላኩላት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረች ልጅ ናት፣ አሁን ጣና ዳር ደምቢያ ነው የምትሰራው። «የጉበት ትል ነው፣ በሬያችሁ የኛ ሰፈር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ና አገሩን ላሳይህ» አለችኝ። እኔም ጥምቀት እንዳለፈ ሄድኩ።

ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ ቆላ ድባ በሚኒባስ ነው። አዘዞን ካለፍክ በኋላ ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና መሬቱ ዝርግ ይላል፣ ጥቁር አፈር፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ መንገድ ዳር ልጆች የሽምብራ እሸት በእቅፍ እያሳዩ ይሮጣሉ። ገዛሁ። እስክደርስ ጨረስኩት።

በማግስቱ ጠዋት በሞተር ወደ ቀበሌ ወጣን፣ እሷ ትነዳለች እኔ ከኋላ አይስቦክስ አቅፌያለሁ። ውስጡ የጉርብርብ (ከብት ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው በሽታ) ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ስለዚ ጉድጓድ በዘለልን ቁጥር «ክዳኑን ያዝ!» እያለች ትጮህብኛለች። ክትባቱ ዱቄት ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ችግሩ እዚ ጋ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ከብት የሚሆን ስለሆነ አስር ከብት ብቻ ከመጣ ብትከፍተውም ኪሳራ ባትከፍተውም ኪሳራ፣ እሷም ሾላው ስር ቆማ መንገድ መንገዱን ነው የምታየው።

የማያመጡትም ዝም ብለው አይደለም። አንድ ጎልማሳ ላሜን አላስወጋም አለ፣ ለምን ሲሉት አምና የተወጋችበት ቦታ አብጦ ከርሟል። እሷ አልተቆጣችም፣ አዎ ያብጣል፣ አንዳንዷ ላይ እብጠት ይወጣል ግን ይጠፋል ብላ አስረዳችው። እኔ ብሆን የለም አያብጥም ብዬ እዋሽ ነበር መሰለኝ። እሱ አሁንም እንዳመነታ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው «አንተ ደስታን አላየህ!» አሉት። ደስታ የሚሏት ያቺን ከብት ፈጂ በሽታ ነው፣ ስሟ ደስታ ስራዋ መርዶ። ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለበት በ1880 ዓ.ም አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብታ የአገሩን ከብት ጠራርጋ ነው ክፉ ቀን የመጣው፣ በሬ ሲያልቅ ማን ይረስ። እና ያቺ በሽታ 2003 ዓ.ም ላይ ከዓለም ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ፣ ያጠፋት ደግሞ መርፌ ነው። ሽማግሌው ዓመተ ምህረቱን አያውቁትም፣ በልጅነታቸው ከብት ነድተው ሲያስወጉ ግን ያስታውሳሉ። ሰውየው ላሟን አመጣት።

ከሰዓት ወደ ጣና ዳር ወረድን። እኔ የመጣሁት ለዚ ነዋ። በበጋ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ አረንጓዴ ሳር ያለው ረግረጉ ላይ ብቻ ነው፣ የዳሩንም ግማሽ እምቦጭ ወስዶታል፣ የቀረችው ላይ የአገር ከብት ሁሉ ተደራርቦ ይግጣል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ ከጭቃው ውስጥ ሽምብራ የምታክል ቀንድ አውጣ አነሳችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ታሪኩ ይሄ ነው፦ የታመመው በሬ እበት ውስጥ የትሉ እንቁላል አለ፣ ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና እቺ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ተራብቶ ይወጣና ሳር ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱ ይግጠዋል፣ ከዛ ጉበት። ማለት ከብቱን በበጋ ከረሃብ የሚያወጣው ሳር ራሱ ነው የሚገድለው።

ውሃው ዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ አያ አገኘን። አንድ በሬ ነው ያላቸው፣ ከጎረቤት ጋ ቃንጃ ሆነው ነው የሚያርሱት። ድሮ ሁለት ነበሩ። ሌላኛው አምና እያረጀ ሳይሆን እያለቀ ሄደ አሉ፣ ከመንጋጋው ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣ፣ ጎተራ ሙሉ ጭድ ቢያበሉትም አልሆነም፣ መድኃኒትም አስወግተውት ነበር። የትኛውን? ከኪሳቸው ባዶ ብልቃጥ አወጡ፣ አስቀምጠውታል። አይቨርሜክቲን ነው። ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። ያ መርፌ ለቅማል፣ ለእከክ፣ ለሆድ ትል ይሆናል፣ የጉበት ትልን ግን አይነካውም፣ ገበያ ላይ የሸጠላቸው ሰውዬ ግን «ለሁሉም ነው» ብሏቸዋል። ትክክለኛውን አልቤንዳዞል የሚያገኙትም ቢሆኑ ክኒኑን ለሁለት በሬ ይገምሱታል፣ ለጉበት ትል ደግሞ ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊግራም ያስፈልጋል፣ 2500 የሚባለው ትልቁ ክኒን አንድ 250 ኪሎ በሬ ነው የሚችለው፣ እሱም ቢሆን ያደገውን ትል እንጂ ገና ጉበት እየቦረቦረ ያለውን ጩጬ አይገድልም። ስለዚ ክረምቱ እንዳለፈ አንዴ፣ በጋው መሃል ደግሞ አንዴ መስጠት አለባቸው። ሳሩንም አጭዶ በደንብ አድርቆ ማብላት ይረዳል ስትላቸው አያ ሳቁ፣ «ለማጨድ የሚተርፍ ሳር የታለ ልጄ?» አሏት። መልስ አልነበራትም።

ሜትሯን አውጥታ የበሬውን ደረት ዙሪያ ለካች፣ እኔ ቀንዱን ይዤ፣ ማለቴ ያዝኩ ልበል እንጂ የያዙት አያ ናቸው። ኪሎውን ገምታ ስንት ክኒን እንደሚያስፈልግ በጣታቸው እያስቆጠረች ነገረቻቸው።

ማታ ቤታቸው ጠላ እየጠጣን የገናውን ጉበት አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ያኛውን በሬያቸውን ከመሞቱ በፊት በርካሽ ለነጋዴ እንደሸጡት ነገሩኝ፣ ለጎንደር ገበያ። ደነገጥኩ። አምና ነው ብዬ ራሴን ባጽናናም፣ እሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ለጨዋታ አላውቅም «ቀይ ነው ያልከው? ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው?» አሉኝ። አላስታውስም አልኳቸው።

«እንግዲያማ የኔ አይደለም» አሉ፣ «የኔን ያየ አይረሳውም።»