«ወረቀቱ ይሰማል ይላል»፦ የመስማትና የንግግር ሕክምና ክፍል ስመራ የገባኝ

ኃላፊ በሆንኩ በሦስተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት መጡ። ከደረት ኪሳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ስፈታው የመስሚያ መርጃ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም። «ይኼ ነገር አይሠራም፤ ውሰዱት!» አሉኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ።

የባትሪውን በር ከፈትኩ። ባትሪው አለ። ላዩ ላይ ያለችው ቡናማ ተለጣፊ ግን አልተላጠችም።

የመስሚያ መርጃ ባትሪ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። ተለጣፊዋ ካልተላጠች አየር አይገባም፣ መሣሪያውም ድምፅ አያወጣም። ትላጣለች፣ ባትሪው አንድ ደቂቃ ያህል አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ባትሪ ያስገባነው እኛ ነበርን። በሳምንት ገደማ አለቀ። ሁለተኛውን እሳቸው አስገቡ፣ ከነተለጣፊው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ሳይሰሙ ከረሙ። መዝገባችን ላይ ግን ከስማቸው ፊት «መሣሪያ ተሰጥቷል፣ ተጠናቋል» የሚል ተጽፏል።

ያቺ «ተጠናቋል» የምትል ቃል ብዙ ቀን አላስተኛችኝም።

እኔ ኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ኃላፊነቱን የሰጡኝ በምርመራ ጎበዝ ነሽ ብለው ይመስለኛል። መመርመርና ክፍል መምራት ግን ለየቅል ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ድሮዬ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሳይ እውል ነበር። የኃላፊነቱን ሥራ ማታ እጨርሰዋለሁ እላለሁ። አንድም ማታ ጨርሼው አላውቅም። በየወሩ ለአስተዳደሩ የምልከው ሪፖርት ስንት ሰው እንደተመረመረ ይናገራል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ያምራል። እኚያ አዛውንትም እዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ።

ስለዚህ መዝገቡን ገልጬ ባለፈው ዓመት መሣሪያ የወሰዱትን ሰዎች ስም አወጣሁ። ጸሐፊያችን ለሁሉም እንድትደውል ነገርኳት። በማግስቱ መጣችና «ኧረ በናትሽ፣ መስማት የማይችል ሰው ጋ እኮ ነው የምታስደውዪኝ» አለችኝ። ተሳሳቅን። ሳቁ ሳያባራ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ እኮ ወረፋ የምንጠራው በስም ነው! ከበር ብቅ ብለን ስም እንጠራለን። የተጠራው ሰው አይሰማም። አንድ ጊዜ እንደግማለን። «የለም» ብለን ቀጣዩን እናስገባለን። ሰውየው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት ተራውን ይጠብቃል። የመስማት ክፍል ነው እንግዲህ ይህን የሚያደርገው። ለስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርን እንጃ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቁጥር በትልቁ የተጻፈበት ካርድ ማሳየት ጀመርን። ካርዱን ካላየም ሄደን ፊት ለፊቱ ቆመን፣ ከንፈራችንን እያየ እንጠራዋለን።

በጽሑፍ መልእክትና በቤተሰብ ስልክ ሰዎቹን አገኘናቸው። ብዙዎቹ መሣሪያውን አውልቀው አስቀምጠውታል። የአንዱ ቅርጹ፣ ማለትም በጆሮው ልክ ተሠርቶ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ በደንብ ስላልተቀመጠ ያፏጫል። የሌላው ቱቦ በኩክ ተደፍኗል። አንዷ የሰሃን ድምፅ ጭንቅላቴን በላው ብላ ተወችው። ሌላው ባትሪ መቀየር ጣቱ እምቢ አለው። የልጆቹ ደግሞ ጆሯቸው አድጎ ቅርጹ ጠቧቸዋል። አዲስ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው ከስንት አንድ ነበር። የሚያስፈልገው መመለሻ ቀጠሮ ነው።

ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ መሣሪያ የወሰደ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከመሄዱ በፊት ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያወጣል፣ ባትሪውንም ራሱ ይቀይራል። ባለሙያው እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ይህች የኪስ ደንብ ቀልድ ትመስላለች። ግን ባለሙያ እጁ ነጻ ከሆነ ይቀማል። «ቆይ ላሳይዎት» ይልና ሁሉንም በአሥር ሰከንድ ይጨርሰዋል። በሽተኛውም ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ሪፖርቱ ላይም «ከወሰዱት ስንቱ ዛሬም ያደርገዋል?» የሚል መስመር ጨመርኩ። የመጀመሪያው ወር ቁጥር የሚያሳፍር ነበር። እንዳለ ላክሁት። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሰው ስለሚያስፈልገኝ ነው። ከዚያ በፊት የሰው ኃይል ስጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅትን የ2021 ሪፖርት እየጠቀስኩ፣ በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰው የመስማት ተሐድሶ ያስፈልገዋል ብዬ ጽፌ ነበር። መልስ አልመጣም። 430 ሚሊዮን የማንም ችግር አይደለም። የራሳችን መዝገብ ላይ ያሉት ስሞች ግን የአስተዳደሩም ችግር ሆኑ። አንድ ሰው ተቀጠረልኝ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ኦዲዮሜትር፣ ማለትም መስማት የምንለካበት መሣሪያ፣ በዓመት አንዴ ልኬቱ ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል (ካሊብሬት ይደረጋል)፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው የየማለዳው ፍተሻ ነው። አንድ ሰሞን በተከታታይ የመጡ በሽተኞች ሁሉ ግራ ጆሯቸው ደከም ያለ ሆኖ ተገኘ። ኦዲዮግራሙ፣ ማለትም ውጤቱ የሚሳልበት ወረቀት ላይ፣ የግራ ጆሮ ሰማያዊ ኤክሶች ከቀኝ ጆሮ ቀይ ክቦች በታች ተደርድረዋል። ነገሩ የታየኝ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ሳይ ነው። ሄድፎኑን ራሴ አድርጌ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ነካ ነካ ሳደርገው ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል። ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። ሰዎቹን ሁሉ መልሰን ጠራን። አሁን ቀድሞ የገባ ባለሙያ ሄድፎኑን አድርጎ በሁለቱም ጆሮ ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ (ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ) ያዳምጣል፣ ገመዱን ያወዛውዛል፣ ይፈርማል። አምስት ደቂቃ ነው። ሌላው ምክሬ፣ አዲስ መሣሪያ ከመለመን በፊት ላለው መሣሪያ ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ጫፎች በበቂ አስገዙ። የጨቅላ ሕፃን ጫፍ አልቆ ውድ መሣሪያ ሸራ ለብሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ከዕቃው ይልቅ ሰዎቹ ከበዱኝ። ክፍላችን በስም አንድ፣ በተግባር ሁለት ነው። በአንደኛው በር ኦዲዮሎጂስቶች፣ በሌላኛው የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች። ሻይ እንኳ አብረን አንጠጣም ነበር። የአራት ዓመት ልጅ «አይናገርም» ተብሎ ይመጣል። የንግግር ሕክምና ይጀመርለታል። ወራት ካለፉ በኋላ ነው መስማቱ የሚመረመረው። ያልሰማውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር? እኔም በንዴት «የመስማት ምርመራ ያላደረገ ልጅ የንግግር ሕክምና አይጀምርም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አሁንም በዚሁ ነው የምንሠራው። አለጣጠፌ ግን የአለቃ ነበር። አኮረፉኝ። አንደኛዋ «አንቺ እኛ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምንሠራ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን አብሬያቸው ለመዋል ወሰንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ንግግር ሲያስተምሩ አያለሁ ብዬ ስጠብቅ ጠዋቱን ሙሉ ያሳለፍነው ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች የተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራቸው መዋጥ ነበር። ስትሮክ ሲመታ ንግግር ብቻ አይደለም የሚታወከው፤ የጉሮሮ ጡንቻዎችም ይደክማሉ። ውሃው ወደ ሆድ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የሳንባ ምች ያመጣል፣ ይገድላልም። ባለሙያዋ ለአንድ ሰው በማንኪያ ትንሽ ውሃ ሰጠቻቸው። ዋጡ፤ አላሳላቸውም። እኔ ደህና ናቸው ብዬ ነበር። «አባባ፣ እስቲ አአአ ይበሉ» አለቻቸው። ድምፃቸው ከውሃ በታች የሚመጣ ይመስላል፣ ይንቧቧል። «አየሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እዚያው ላይ ቀርቷል። ሳል የለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ወደ ሳንባው እየገባ እንኳ አያስለውም።» እዚያው አልጋው ግርጌ ደግሞ ሞልቶ የተቀዳ ውሃ ተቀምጧል። ቀናነት ነው፣ ሰው ይጠማል ብለው ያስቀመጡት።

ይህ ሁሉ ሥራ ሪፖርቴ ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። እኔ «በቀን ጥቂት ልጅ ነው የሚያዩት» እያልኩ በሆዴ ስወቅሳቸው ኖሬአለሁ። ሪፖርቱ ተስተካከለ። ነርሶቹንም እነሱው አሠለጠኗቸው፤ ስትሮክ ይዞት የገባ ሰው መዋጡ ሳይታይ በአፉ ምንም አይሰጠውም፣ መድኃኒትም ቢሆን። ማስታወቂያዬን ራሴ ገነጠልኩት። ደንቡን አብረን ጻፍነው፤ እነሱም አንድ ጨመሩበት፦ የመስማት ምርመራው በሳምንት ውስጥ ካልተደረገ ጥፋቱ የኦዲዮሎጂ ነው። ትክክል ናቸው።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መመርመር ስንጀምር ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዓለም የታወቀው መመሪያ 1-3-6 ይባላል። በ1 ወር ማጣሪያ፣ በ3 ወር ማረጋገጫ፣ በ6 ወር ሕክምና። ለማጣሪያው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኦኤኢ ነው። ጤናማ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው ራሱም መልሶ በጣም ደካማ ድምፅ ያወጣል። ዴቪድ ኬምፕ ይህን በ1978 አሳወቀ፤ መሣሪያው የሚይዘው ያንን ድምፅ ነው። ሌላው ኤቢአር ነው። ድምፁ በነርቩ አልፎ አንጎል ግንድ ድረስ መሄዱን ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ይለካል። ኦኤኢ በደቂቃዎች ያልቃል። ኤቢአር ጊዜ ይወስዳል፣ የተኛ ሕፃንም ይፈልጋል። እኔ ቁጥር ፈልጌ ነበርና «ለሁሉም ኦኤኢ ይበቃል» አልኩ። አንዷ ባልደረባዬ «ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል ለሚወጡትስ?» ብላ ጠይቃኛለች። «ቀስ ብለን እንጨምራለን» አልኳት። ቀስ ማለቱ ቀጠለ።

አንዲት እናት የአሥራ አንድ ወር ልጇን ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ «ውጤቷ ጥሩ ነው» ብለን መልሰናታል። ሕፃኗ ስትወለድ ከባድ ቢጫነት ይዟት ተኝታ ነበር። ኦኤኢውን አልፋለች። እናትየው የኛኑ ወረቀት አራት ቦታ አጣጥፋ ይዛዋለች። ዘርግታ አሳየችኝና «ዶክተር፣ ወረቀቱ ይሰማል ይላል። ልጄ ግን አትዞርም» አለችኝ።

ኦኤኢውን ደገምነው። አሁንም አለፈች። ልጅቷ እስክትተኛ ጠብቀን ኤቢአር ሠራን። መታየት የነበረባቸው ሞገዶች የሉም። ድምፁን ከፍ አደረግነው። የሉም። ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ ይባላል። ከባድ ቢጫነት የመስማት ነርቩንና የአንጎል ግንዱን ሲጎዳ የውስጥ ጆሮው ሴሎች ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ኦኤኢ የሚያየው ሴሎቹን ነው። በሩ ክፍት ነው ይላል፤ መንገዱ መቆረጡን አያይም። ይህ ለእኔ አዲስ ዕውቀት አልነበረም። ተማሪ እያለሁ ተፈትኜበታለሁ።

ለእናትየዋ በግልጽ ነገርኳት። ልጅሽ ያለፈችው የተሳሳተ ምርመራ ስለመረጥን ነው፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጽኑ ክትትል ከአምስት ቀን በላይ የቆየ ሕፃን ሁሉ ያለ ኤቢአር አይወጣም። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅም ከሆስፒታሉ ሳይወጣ መስማቱ ይታያል፤ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት መለወጥ ከጀመረ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ለማስገባት ጊዜው ያልፋልና። ካርድ የሚቀበለውም ሠራተኛ አንድ ትእዛዝ አለው። ወላጅ «ልጄ አይሰማም» ካለ የድሮ ውጤት አይጠየቅም፤ ልጁ በቀጥታ ይገባል። የወላጅ ጥርጣሬ ራሱ እንደ ስጋት ምልክት በመመሪያዎቹ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እኔም አንብቤዋለሁ፤ እንደ ጌጥ ነበር የማየው።

ልጅቷ አሁን ኮክሌር ኢምፕላንት አላት፤ በሳምንት ሁለቴ ለንግግር ሕክምና ትመጣለች። የጠፉት ወራት ግን ጠፍተዋል።

አሁን በሽተኛ የማየው ሁለት ጠዋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራዬን የተነጠቅኩ መሰለኝ፤ ለመድኩት። ያልለመድኩት ቅዳሜና እሑድን ነው። መዋጥ የሚፈትሽ ባለሙያ በሁለቱ ቀናት የለንም። ነርሶቹ የመጀመሪያውን ፍተሻ ይሠራሉ፤ አጠራጣሪ የሆነው ግን በቱቦ እየተመገበ ሰኞን ይጠብቃል። ተራ ገብተን ለመሸፈን ሞከርን፤ በሁለተኛው ወር ሁለት ሰው ደክሞት መልቀቂያ ሊያስገባ ነበርና ተውነው። ሌላ ሰው ጠይቄ ደብዳቤው አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ነው። ከደብዳቤው ጋር ዓርብ ማታ ገብተው ሰኞ የታዩትን ሰዎች ዝርዝር አያይዣለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ።