አናጢው የት ነበር?

አባቴ ከደሴ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላል እንጂ እጁ ገና አላመነም። የቤቴን በሮች በሙሉ አስተካክሎ፣ የኩሽናውን ቁም ሣጥን ጠጋግኖ ጨረሰ። ሥራ ሲያልቅበት ደግሞ መነጫነጭ ጀመረ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ከለንደን በባቡር ይዤው ፖርትስመዝ ወረድኩ፤ «ቪክትሪ» የምትባለውን የድሮ የጦር መርከብ ላሳየው።

እኔ የተዘጋጀሁት መርከቧ ስለተዋጋችበት ጦርነት ልነግረው ነበር። ባቡሩ ላይ ጀመርኩለት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805፣ በስፔን ዳርቻ ትራፋልጋር አጠገብ፣ 27 የእንግሊዝ መርከቦች ከ33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ጋር ገጠሙ። ያኔ የባሕር ጦርነት ወጉ ሁለቱም ወገን በረድፍ ሆኖ ጎን ለጎን መታኮስ ነበር። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ግን «ቪክትሪ» ላይ ሆኖ መርከቦቹን በሁለት ረድፍ ከፍሎ የጠላትን መስመር ሰንጥቆ ገባ። አባቴ በመስኮት በግ እያየ «እሺ፣ እሺ» አለኝ። እንዳልሰማኝ ገባኝ።

ደርሰን ስናይ መርከቧ በብረት መወጣጫና በሸራ ተከባለች። እኔ ቅር አለኝ። ምሰሶዎቿን ከነሸራቸው ነበር ላሳየው ያሰብኩት። ለካ ከ2022 ጀምሮ ትልቅ እድሳት ላይ ናት፤ ነቀዝና ሻጋታ እንጨቷን በልቶታል። የጎኗ ሳንቃ በየቦታው ተነቅሎ የውስጥ አጥንቷ ይታያል። አባቴ ፊቱ በራ። «አሁን ገና መርከብ አሳየሽኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚው እሱ ሆነ።

መርከቧን ለመሥራት 6,000 ያህል ዛፍ እንደተቆረጠ፣ አብዛኛው ኦክ እንደሆነ ነገርኩት። ኦክ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም አልኩት። «ወይራ በይው» አለ። ሥራው በ1759 ተጀምሮ መርከቧ ውኃ የነካችው በ1765 ነው ስለው እኔ መዘግየት መስሎኝ ነበር። እሱ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እርጥብ እንጨት ላይ የቸኮለ አናጢ በኋላ ያለቅሳል፤ ይደርቅና ይቆለመማል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አልሄድም አለ። ወለሉን ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚያይዝ ጎባጣ እንጨት ነበር፣ እንደታጠፈ ክንድ። እንዲህ ያለውን እንጨት አጥፈው አይሠሩትም፤ ሲበቅል ጀምሮ የጎበጠ ዛፍ ፈልገው ነው የሚቆርጡት። ይህን አንብቤ ስለነበር ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ተፈልጎ የመጣ ነው። ገበሬ ለእርፍ የሚሆነውን ጫካ ገብቶ በዓይኑ እንደሚመርጠው። ቢያጥፉትማ ይሰበር ነበር።» በመዳፉ ሊዳስሰው ሲል ክንዱን ያዝኩት። አትንኩ የሚል ተጽፏል።

ወደ ታችኛው የመድፍ ወለል ስንወርድ ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ግንባሬን መታሁ። በጦርነቱ ቀን መርከቧ ላይ 821 ሰው ነበር። ከጣሪያ በሚንጠለጠል የሸራ አልጋ ነበር የሚተኙት፤ ለአንድ ሰው የተመደበው ስፋት 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ስንዝር እንኳ አይሞላም። የሚተኙትም የሚበሉትም እዚያው መድፎቹ መካከል ነው። መድፎቹ በጠቅላላው 104 ነበሩ። የዚህኛው ወለል መድፎች የሚተኩሱት አረር አንዱ 14 ኪሎ ተኩል ይመዝናል።

አባቴ የአረሩን ክብደት ሰምቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ውፍረቱን በዓይኑ ለካ። «ይሄ ሲመታ ሰዉን የሚገድለው ብረቱ አይደለም» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጥፍሩ ሥር የቆየ ጠባሳ አለው፤ ልጅ እያለሁ የዋንዛ ስንጣሪ ገብቶበት እጁ አብጦ እንደነበር አስታውሳለሁ። «ከመጋዝ የወጣ ስንጣሪ ነው ይህን ያደረገኝ። መድፍ የፈነቀለውን አስቢው።» እውነቱን ነው። አረሩ እንጨቱን በስቶ ሲገባ ከውስጥ በኩል ክንድ የሚያህል ስንጣሪ ይረጫል። ያ ነበር ብዙውን ሰው የሚያቆስለው።

ከዚያ ጠየቀኝ። «አናጢውስ? ሲተኮስ የት ነበር?»

ደግነቱ ይህን አውቀው ነበር። ከውኃው ወለል በታች ባለው ፎቅ፣ የመርከቧን ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ እየታከከ የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። አናጢውና ረዳቶቹ በውጊያ ሰዓት እዚያ ነው የሚጠብቁት። አረር ሲበሳው ሮጠው ውታፍ ይመቱበታል። በሬንጅ የተነከረ የገመድ ቃጫ ይወትፋሉ፣ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ይለብጡበታል። ጨለማ ነው። ላዩ ላይ ማን እንዳሸነፈ አያዩም። የሚያውቁት ውኃው መግባት አለመግባቱን ብቻ ነው።

አባቴ ዝም ብሎ ቆየ። «ሥራ ነው» አለ።

ኔልሰን የሞተውም እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከፈረንሳዩ መርከብ «ሬዱታብል» ምሰሶ ላይ የተተኮሰ ጥይት መታው። ተሸክመው አወረዱት። ድሉን ሰምቶ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አረፈ። የሞተበት ቦታ ምልክት አለው፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኛም አነሳን።

ስንመለስ ባቡር ላይ ቋጥሬ የያዝኩትን ዳቦ በእንቁላል አወጣሁ። እየበላን ያስቀረሁትን ጨመርኩለት። በ1798 ግብፅ አጠገብ በተደረገው ውጊያ «ሎሪያን» የምትባል ትልቅ የፈረንሳይ መርከብ ሌሊት ባሩዷ ተቀጣጥሎ ፈነዳች። አንድ የኔልሰን ካፒቴን ከባሕሩ የወጣ የምሰሶዋን ግንድ ወስዶ ለመርከቡ አናጢ ሰጠ። አናጢው የሬሳ ሣጥን ሠራበት፤ ሚስማሩ ሳይቀር ከዚያችው መርከብ ነው። ለኔልሰን ስጦታ ላኩለት። በ1806 የተቀበረው በዚያ ሣጥን ነው።

«በሕይወት እያለ ነው የሰጡት?» አለ አባቴ።

«በሕይወት እያለ። ደስ ብሎት ነው የተቀበለው። ክፍሉ ውስጥ አቁሞት ነበር።»

አባቴ ስንቱን ሣጥን ሠርቷል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሌሊት የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። ግን አንድም ቀን ከቤት አሳድሮ አያውቅም። ሳይነጋ ተሸክመው እንዲወስዱት ያደርግ ነበር። የቀረ ፍቅፋቂ እንኳ ቢኖር ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል።

«የት ጋ ነው ያቆመው?»

«እራት ሲበላ ከሚቀመጥበት ወንበር ኋላ።»

የቀረውን ዳቦ በፌስታሉ ጠቅልሎ መለሰልኝ።