የጀሪካን ክዳን

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ሁለት ጀሪካን ይዤ ከአራተኛ ፎቅ ወረድኩ። ግፊቱ ስለማይበቃ ውሃው ላይ አይወጣም፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደግሞ አሳንሰር የለውም። ጉልበቴ ይመስክር።

ታች ስደርስ ሰው የለም። የተሰለፉት ጀሪካኖቹ ብቻ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ቡና እያፈሉ ነው። ወረፋውን የያዙት የጥበቃው ጋሼ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ።

«ይሄ የማን ነው?» ስላቸው ክዳኑን ብቻ አይተው ይመልሳሉ። የበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈበት፣ ከወላይታ የመጡት የሦስተኛ ፎቅ እናት ነው። በእንሰት ቅጠል የታፈነው ቆጮ የሚሸጡት የጉራጌዋ እትዬ ነው። የቀይ ጥለት ቁራጭ የተጠቀለለበት ደግሞ የዶርዜው ሸማኔ። የእኔ ክዳን ሱቅ ሲገዛ የነበረው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው።

«ያንተ አይታወቅም፤ ምልክት አድርግበት» አሉኝ። ሁለት ዓመት ኖሬ!

እዚህ ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት 20 በመቶ ከፍሎ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ ገባ፤ ሌላው እንደ እኔ ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ መጣ። ደረጃው ግን የሁላችንም ነው። ልጆቹማ በሦስት ቋንቋ ይሰዳደባሉ፤ ሲታረቁ በአማርኛ ነው።

የሦስተኛ ፎቋ እናት ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ ማታ በሬን አንኳኩተው አንድ ቆረቆንዳ ሰጡኝ። ልኩ ነው። ነገ ጋሼ የማንኛችን እንደሆነ እንዴት እንደሚለዩ እንጃ።