ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን እና የባቱ መንገድ

ውድ ወዳጆቼ፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገራችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ነው። ከግቢያችን ውጭ የሰፈሩ ልጆች ችቦ ያስራሉ፤ ጓዳ ውስጥ እናቴ ለነገው ዶሮ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ አራት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ልጄ ደግሞ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ልጣጩን ይሰበስባል። ከሦስት ቀን በፊት እናቴ ለዚህ በዓል እዚህ ቤት ትገኛለች ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማንም አልነበረም፤ እርሷም ጭምር።

ነገሩ የተጀመረው ዓርብ፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ልጁ እንደ ወጉ ከጎረቤት ልጆች ጋር በጳጉሜን ዝናብ ሲታጠብ ቆይቶ ጸጉሩ እየተንጠባጠበ ሲገባ እናቴ ከባቱ ደወለች። ፊቷን በስልኩ መስታወት እያየ ስለ ዝናቡ አወራት፤ እርሷም መረቀችው። ጥሪው ሲያበቃ ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ መረመረና «እማማ ከዚህ ውስጥ መቼ ነው የምትወጣው?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ልጁ አልተሳሳተም ነበር። አያቱን በአካል ያያት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ስለነበር አላስታወሳትም፤ እርሱ የሚያውቃት እማማ ቤቷም፣ ወንበሯም፣ ድምፅዋም በዚያች በመዳፍ በምትያዝ ዕቃ ውስጥ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ እስከምንላት ከተማ ድረስ፣ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ በሦስት ሰዓት ይገባል። እኛ ግን ይህን የሦስት ሰዓት መንገድ ለሁለት ዓመት ሳንሄደው ቀርተናል። ክረምቱ ይውጣ አልን፤ ደመወዝ ይግባ አልን፤ የመኪናዋ ፍሬን ይታይ፣ የቤት ኪራዩ ይከፈል፣ ልጁ ትንሽ ጠንከር ይበል አልን። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም የሐሰት አልነበሩም። ስለዚህም ነው ሁለት ዓመቱ ሳይታወቀን ያለፈው።

በዚያች ምሽት ባለቤቴ የእራቱን ሰሃን እያነሣ «ነገ ጠዋት እንሂድ» አለ። ቆሎ ቆላሁ፤ ዳቦ፣ ውሃ፣ አንድ ብርድ ልብስና የልጁን ቅያሪ ልብስ በፌስታል ቋጠርኩ። ለእናቴ አልነገርናትም፤ ብንነግራት ሌሊቱን ሙሉ ስታበስል እንደምታድር አውቃለሁና።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሊቲን አለፍን። የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ ሄድን፤ ትንሽ ልጅ ይዞ የሚጓዝ ሰው በየሃያ ደቂቃው መቆም እንዳለበት ስለምናውቅ ነው። ከዱከም ጀምሮ አደይ አበባ በእርሻው ዳር ወጥቶ ነበር፤ ጤፉም ገና ለምለም ነበር። ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አየሩ መለወጥ ጀመረ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ የዝዋይ ሐይቅ ግን 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህን ልዩነት ለልጅ በቁጥር ማስረዳት አይቻልም፣ ነገር ግን በሹራቡ ያውቀዋል። ቢሾፍቱ ላይ ቁልፉን ፈታ፣ ሞጆ ላይ አወለቀው፣ የቆቃን ድልድይ ስንሻገር መስኮቱ ይከፈትልኝ አለ። አዲስ ነገር ባየ ቁጥርም «አሁን ስልኩ ውስጥ ገባን?» እያለ ይጠይቀን ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ሊያርመው ሞከረ፤ በኋላ ግን «ትንሽ ቀረን» ብቻ ይለው ጀመር።

ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብለን የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ ክሪኩን አውጥቶ ሲሠራ እኔና ልጁ ከግራር ጥላ ሥር ቆምን። በፊታችን ቢጫ ጀሪካን የጫኑ የአህያ ጋሪዎች ያልፉ ነበር፤ አንደኛዋ አህያ ቆማ አልሄድም ስትል ልጁ ከሁሉም ነገር ይልቅ በእርሷ ተደነቀ። ተቀያሪው ጎማም በቂ አየር ስላልነበረው እስከ መቂ በቀስታ ነድተን ጎሚስታ ፈለግን። ጎሚስታው ጎማውን በውሃ ገንዳ ውስጥ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልግ ልጄ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና አረፋው ሲታይ ከእርሱ ቀድሞ በጣቱ አሳየው። አጠገባችን ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ደርድራ የምትሸጥ ሴት አንድ ትልቅ ቲማቲም አጥባ ሰጠችው፤ ልክፈል ብላት «ለልጅ ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ፈጀብን። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጉዞው ተበላሸ ብዬ የማዝንበት ሰዓት ነበር፤ ልጁ ግን እስከ አሁን ድረስ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የሚተርከው ያንን ሰዓት ነው።

ባቱ ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ከጎረቤቷ ጋር ታወራ ነበር። መኪናችንን ስታይ አላመነችም፤ ከዚያ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ልጄ ወርዶ ፊት ለፊቷ ቆመ። አልሮጠም፣ አላቀፋትም። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ተመለከተ፤ ቀጥሎ በቀስታ ዞሮ ከኋላዋ ሄደና ጀርባዋን አየ፣ ነጠላዋን ነካ፣ የሹሩባዋን ጫፍ ነካ። ዓርብ ማታ ስልኩን ገልብጦ እንደመረመረው ዓይነት ነበር። ጀርባዋን ካረጋገጠ በኋላ ተመልሶ እጁን ሰጣት። ስለዚህ ጉዳይ በቃላት ብዙ ማለት አልችልም፤ እናቴ ግን ምን እንደሆነ ስነግራት ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች።

እሑድን በሐይቁ ዳር አሳለፍን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አጽድተው ትርፉን ሲጥሉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለሰው ቁመት በሚቀርብ ግርማ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጁ ስለ ወፎቹ ጠይቆ ሲጠግብ ስለ ውሃው ጠየቀ፤ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ። እኔ የምመልስለት አጥቼ ሳለ እናቴ በጣቷ አየሩን እየከፈለች መለሰችለት፦ በወዲያ ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ ይመጣል፣ በወዲህ ከአርሲ ተራሮች የቀታር ወንዝ ይመጣል፤ ሁለቱ እዚህ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ አድርገው ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳሉ። በሐይቁ ላይ ስላሉት አምስት ደሴቶችም ነገረችው። በትልቁ ደሴት በቱሉ ጉዶ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው፣ በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው እዚያ ተሸሽገው ነበር ተብሎ በትውፊት እንደሚነገር፣ በልጅነቷም ለንግሥ በጀልባ ተሻግራ እንደምታውቅ አጫወተችው። እኔ በዚያ ሐይቅ ዳር አድጌ ሳለ ከዚህ አብዛኛውን ከእናቴ አፍ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው። በስልክ ስንነጋገር ደህንነቷን፣ መድኃኒቷን፣ ገንዘብ እንደደረሳት እጠይቃታለሁ፤ ስለ ወንዞቹ ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ሰው ያለ ጉዳይ አጠገብህ ተቀምጦ ሲውል ብቻ የሚወጣ ንግግር አለ።

እዚህ ላይ ከሀገር ውጭ ያላችሁትን አስባለሁ። በቤይሩት፣ በዱባይና በጂዳ የሰው ቤት እየሠራችሁ ልጆቻችሁን ለአያት የተዋችሁ እናቶች፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ለልጃችሁ ስልኩ ውስጥ የምትኖሩት እናንተ ራሳችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ሽበት በስልክ የምትቆጥሩም አላችሁ። የእናንተ መንገድ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚያልቅ አይደለም፤ ስለዚህ የእኔን ደስታ ስነግራችሁ ልቤ እየፈራ ነው። እዚሁ ሀገር ውስጥ ሆናችሁም መንገዱ ሰላም ስላልሆነ ብቻ ወደ ወላጆቻችሁ መሄድ ያልቻላችሁ በዚህ ዓመት ብዙዎች ናችሁ። አዲሱ ዓመት መንገዱን እንዲከፍትላችሁ፣ ልጆቻችሁም ጀርባችሁን ዞረው እንዲያዩ ከልቤ እመኛለሁ።

የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ትመጣለች። ልጄ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ስለተወለደ ይህች በሕይወቱ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሁለተኛዋ በ2019 ስትመጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ይቀርባል። ዛሬ ሰኞ የሥራ ቀን ቢሆንም ሁለታችንም ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ ጠዋት ልንመለስ ስንነሣ ልጁ የአያቱን ነጠላ ይዞ አልለቅም ሲል እናቴ «ዶሮዎቼን ማን ያበላልኛል?» አለች። ጎረቤቷ «እኔ» አለቻት። በዚህ ብቻ ጉዳዩ አለቀ፤ እናቴ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ከኋላ ወንበር ከልጁ ጋር ተቀመጠች።

አሁን ሽንኩርቱን ጨርሳ እጇን ታጥባ ወደ ጎረቤቷ ደውላለች፤ ስለ ዶሮዎቹ ልትጠይቅ ነው። ልጄ ስልኩን ተቀበላትና የሴትዮዋን ፊት አየ። ዛሬ ስልኩን አልገለበጠውም። «አንቺ የት እንዳለሽ አውቃለሁ» አላትና ጣቶቹን እየቆጠረ ነገራት፦ መጀመሪያ አበባው፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ አልሄድም ያለችው አህያ፣ ከዚያ አረፋው፣ ከዚያ ቲማቲሙ፣ ከዚያ አንቺ።