አርባ አንድ መጽሐፍ አንብቤ የከሰርኩበት ዓመት

በአንድ ዓመት አርባ አንድ መጽሐፍ ጨረስኩ፤ በዚያው ዓመት ከመቼውም የባሰ ኪሳራ ደረሰብኝ። ሁለቱ እንዲያው የተገጣጠሙ አይደሉም። ያከሰረኝ ንባቤ ነው።

ስለ ታዳሽ ኃይል የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እጄ ገባ። ጸሐፊው የፀሐይ ፓነል ዋጋ ከዓመት ዓመት እንዴት እየወረደ እንደመጣና ገና እንደሚወርድ በሰንጠረዥ ያስረዳል። ክርክሩ የጠነከረ፣ አጻጻፉም የሚጥም ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ ፓነል የሚያመርት ድርጅት አክሲዮን ገዛሁ። መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የፓነል ዋጋ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል (ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እኔ ግን የዕቃው ዋጋ ወረደ ማለት ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ገቢ ተመናመነ ማለት ሊሆን እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። በ14 ወር ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሲሶው እንኳ አልተረፈኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ በኋላ አዳዲሶቹን መጻሕፍት ወደ ጎን ትቼ አሮጌዎቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ስለ ገንዘብ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ቻርልስ ማካይ በ1841 ስለ ሕዝብ እብደት የጻፈውን መጽሐፍ ነው። በ1637 ሆላንድ ውስጥ የአበባ ሥር በቤት ዋጋ እስኪሸጥ ድረስ ሰው እንዴት እንዳበደና በኋላም እንዴት እንደተራቆተ ይተርካል። ሲነበብ ደስ ይላል፤ ይነበብ እላለሁ። ነገር ግን ብቻውን አይነበብ። አን ጎልድጋር የምትባል የታሪክ ምሁር በ2007 ባወጣችው መጽሐፍ የዘመኑን መዛግብት ስትመረምር፣ ተራቆቱ ከተባሉት ሰዎች በአበባው ምክንያት በእርግጥ የከሰረ ማግኘት ከብዷታል። የበለጠ ያስገረመኝ ግን የማካይ የራሱ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከታተመ ጥቂት ዓመታት በኋላ ብሪታንያ በባቡር ኩባንያ አክሲዮን አበደች። በዚያን ጊዜ ማካይ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። አንድሩ ኦድሊዝኮ የተባለ የሒሳብ ሊቅ የቆዩ ጋዜጦችን ፈልፍሎ እንዳሳየው፣ ስለ እብደት መጽሐፍ የጻፈው ሰው የገዛ ዘመኑን እብደት አላየውም፤ እንዲያውም የባቡሩን ነገር በበጎ ይጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። የባቡር ሐዲዱ እኮ ተሠርቷል። ሰውና ዕቃ አመላልሷል፤ ከፊሉ ዛሬም ያገለግላል። ባለአክሲዮኖቹ ግን ከሰሩ። ከእኔ ፓነል ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ስከፍት አንድ ጥያቄ ይዤ እገባለሁ፦ ትርፉ ማን ጋ ቀረ? ለዚህ ጥያቄ ማርክ ሌቪንሰን በ2006 ስለ ዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ከጻፈው የተሻለ መልስ ያገኘሁበት መጽሐፍ የለም። ስለ ቆርቆሮ ሣጥን ይህን ያህል ገጽ ማን ያነባል ብዬ ለወራት ሳልነካው መቆየቴን አምናለሁ። ሚያዝያ 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ተነሣች። በዚያን ጊዜ አንድ ቶን ዕቃ በሰው ጉልበት ለመጫን 6 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር፤ በአይዲያል ኤክስ ላይ ለመጫን ግን 16 ሳንቲም ያህል በቃ። ይህን ያየ ባለሀብት ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን የመርከብ ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት እሮጥ ነበር። የሐሳቡ ባለቤት ማልኮም ማክሊን ራሱ ግን በ1986 የመርከብ ድርጅቱ ከስሮ ለፍርድ ቤት አመለከተ። የማንሃተንና የብሩክሊን የመርከብ ማራገፊያዎች ሥራ አጥተው ተዘጉ። የመጓጓዣ ዋጋ በመርከሱ የተጠቀሙት ዕቃውን ከሩቅ አገር አስመጥተው የሚሸጡት ነጋዴዎችና ርካሽ ዕቃ ያገኙት ገዢዎች ናቸው።

ስለ ዓለም ፖለቲካ የማነበውን በጣም ቀንሻለሁ። ፊሊፕ ቴትሎክ በ2005 ባሳተመው ጥናት የ284 ባለሙያዎችን ትንበያ ለሃያ ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር፤ በመገናኛ ብዙኃን ስማቸው የገነነው ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም ብሰው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለየዕለቱ ትንተና የነበረኝ ጉጉት በረደ። ያልተውኩት ታሪክን ነው። ከ1914 በፊት ኖርማን ኤንጅል የአገሮች ኢኮኖሚ እርስ በርስ ስለተሳሰረ ጦርነት ለአሸናፊው እንኳ አያዋጣም ብሎ ጽፎ ብዙ አንባቢ አገኘ። ብዙዎች የተረዱት ግን «ጦርነት አይኖርም» እንዳለ አድርገው ነው። የማያዋጣ ነገርና የማይደረግ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። ሐምሌ 31 ቀን 1914 የለንደንም የኒውዮርክም የአክሲዮን ገበያ ተዘጋ። በኒውዮርክ የአክሲዮን ግብይት እንደገና የጀመረው በታኅሣሥ ወር ነው። ትንበያው ትክክል የሆነለትም ያልሆነለትም ከአራት ወር በላይ መሸጥ አልቻለም። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በማንኛውም ጊዜ መሸጥ እችላለሁ ብዬ የማስበው አክሲዮን ውስጥ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገኝን ገንዘብ አላስገባም።

በሳይንስ በኩል ያገኘሁት ትምህርት ትንሽ ያሳፍራል። ዳንኤል ካህነማን በ2011 ስለ ሰው አስተሳሰብ ያወጣውን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤ ለሰው ሁሉ አወራሁለት። በጣም የወደድኩት ምዕራፍ ትናንሽ ምልክቶች ሳይታወቁን ባሕርያችንን ይለውጣሉ የሚለው ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያን ሙከራዎች ደግመው ሲሞክሩ ብዙዎቹ እንደተባለው አልሆኑም። ካህነማን ራሱ በ2017 በትንንሽ ጥናቶች ላይ ከሚገባው በላይ እምነት መጣሉን በግልጽ ተናገረ። ስንቱ ደራሲ እንዲህ ያደርጋል? አክብሮቴ ከበፊቱ ጨመረ፤ መጽሐፉንም ከመደርደሪያዬ አላወረድኩትም፤ በዚያ ምዕራፍ ጠርዝ ላይ ግን በእርሳስ «ተስተካክሏል» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ከሳይንስ ጸሐፊዎች ቫስላቭ ስሚልን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ፕላስቲክና ስለ አሞኒያ ሲጽፍ ትኩረቱ በመጠኑ ላይ ነው፤ ስንት ቶን፣ በስንት ዓመት። አንዳንዴ ያሰለቻል። «በቅርቡ ሁሉም ይለወጣል» የሚል ነገር ስሰማ ግን ስንት ቶን ብዬ መጠየቅ የተማርኩት ከእሱ ነው። ስለ ኅብረተሰብ ከተጻፉት ውስጥ አብዛኞቹ ሃምሳ ገጽ ይበቃቸው ነበር። ሃንስ ሮስሊንግ ከልጁና ከምራቱ ጋር ያዘጋጀውና በ2018 የወጣው ግን መግቢያው ላይ ስለ ዓለም ሁኔታ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ስላሉ ብቻ እንኳ ይነበባል። እኔ መልሱን ያገኘሁት አራቱን ብቻ ነው፤ በግምት ብመልስም ያን ያህል አገኝ ነበር።

አሁን የማነበው በዓመት ከአሥራ ሁለት አይበልጥም። መጽሐፍ ከመክፈቴ በፊት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስለ ጉዳዩ የማምነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ስጨርስ ከሥሩ ሦስት መስመር እጨምራለሁ፦ ምን ሐሳብ ለወጥኩ? ትርፉ ማን ጋ ይቀራል? ጸሐፊው መሳሳቱን የሚያሳየኝ ምንድን ነው? ከዚያ በመጽሐፉ ምክንያት 90 ቀን ሳይሞላ ምንም አልገዛም፤ ምንም አልሸጥም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እጄን ያሳክከኛል። በሁለተኛው ወር አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጽሐፉ ማሰብ ትቻለሁ።

ባለፈው ወር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ወዲያው ሞላሁት። ሁለተኛው ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፤ ቺፕ የሚሠሩት፣ ኤሌክትሪክ የሚሸጡት፣ ወይስ አገልግሎቱን በርካሽ የሚያገኙት? ሦስተኛው መስመር አሁንም ባዶ ነው። 58 ቀን ይቀረኛል።